ችኩሉ ላይማንና ባቡሩ

ሁሉም ሰው የፈራው ለድምፁ ነበር። ፊልም መናገር በጀመረበት ሰሞን፣ ሆሊውድ ውስጥ ስንቱ ጀግና አፉን ሲከፍት የአይጥ ድምፅ እየወጣው ሻንጣውን ሸክፎ ሄዷል። ስለዚህ ላይማን ፕሩይት ለድምፅ ፈተና የገባ ዕለት የስቱዲዮው ሰው በሙሉ በር ላይ ተኮልኩሎ ጠበቀ። ላይማን ገባ፣ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ቀልድ ነገረና ወጣ። ድምፁ ወፍራምና የሚጥም ሆኖ ተገኘ። አናጢዎቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ፤ ልብስ አልባሿ አለቀሰች። እኔ ብቻ ጥግ ይዤ ቆምኩ። እኔ የፈራሁት ለእግሩ ነበር።

ስሜ ኦገስት ሄንክል ነው፤ ገስ ይሉኛል። ከ1915 ጀምሮ የላይማን ካሜራማን ነኝ። ያኔ እሱ የሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ነበር። የቀረ ተዋናይ ለመተካት ለአንድ ቀን መጥቶ፣ የሰርግ ኬክ ተሸክሞ ከውሻ እንዲሸሽ ታዘዘ። ሮጠ። ከወገቡ በላይ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብሏል፣ ኬኩ አይነቃነቅም፤ ከወገቡ በታች ግን እግሬ አውጪኝ ነው። ከሳቄ ብዛት ካሜራው ተንቀጠቀጠብኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ በየከተማው ያለ ልጅ ሁሉ እንደ እሱ ይሮጥ ጀመር። ሁልጊዜ ለራሱ ሰርግ የሚያረፍድ ሰው ሆኖ ስለሚጫወት "ችኩሉ" አሉት። ኮራ የምትባል ደግ ሴት አገባ፤ ኮረብታ ላይ ሃያ ሁለት የእብነ በረድ ደረጃ ያለው ቤት ሠራ።

ነገርን ከሥሩ ነውና ስለ እጄም ልንገራችሁ። ያኔ ካሜራ የሚዞረው በእጅ ነበር። በሴኮንድ አሥራ ስድስት ሥዕል እንዲያነሳ አድርገህ ካዞርከው፣ ሰው ስክሪን ላይ እንደ ሰው ይራመዳል። እጅህን ዘግየት ካደረግክ የምታነሳው ሥዕል ያንሳል፤ ፊልሙ ሲታይ ግን በተለመደው ፍጥነት ስለሚሮጥ ያ ያዘግም የነበረው ሰውዬ ይበራል። ባቡርም እንደዚያው ነው። በሰዓት ስምንት ማይል የሚጎተት ባቡር በእኔ እጅ ሲከንፍ ይታይ ነበር። ይህን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሰው የማያውቀው ከ1922 በኋላ ያለውን ነው። በዚያ ዓመት ላይማን ከጎተራ ጣሪያ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ስምንት ወር ተኛ። ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራው ከፀጉር ቤት ወጥቶ ትራም ላይ መድረስ ነበር። በሌንሱ አየሁት፤ እግሩ ከድቶታል። አንጀቴን በላው። እጄ ሳላዘው ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ አራት ዝግ አለ። በማግስቱ ራሱን ስክሪን ላይ ሲያይ አንገቴን አቅፎ "አየህ ገስ፣ ዶክተሩ ቀጣፊ ነው" አለኝ። "አየሁ" አልኩት።

ያቺ "አየሁ" ሰባት ዓመት ቆየች። አሥራ አራቱ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለቱ አሥር ሆነ። አላፊ አግዳሚ ሆነው የሚጫወቱት አብረው እንዳይበሩብኝ በየጆሯቸው "ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ተራመዱ" እላቸው ነበር። ላይማን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ራሱን የሚያየው ስክሪን ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ነፋስ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ከበደ።

ከዚያ ከድምፁ ጋር ሞተር መጣ። ሥዕሉና ድምፁ እንዲገጥሙ ካሜራው በሴኮንድ ሃያ አራት መዞር አለበት፤ አይጨምርም አይቀንስም። የብረት እጀታዬን ነቅለው ሰጡኝ። በልማድ ኮት ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር።

አዲሱ ዳይሬክተር ሚስተር ዴንቢ ከኒውዮርክ ቲያትር የመጣ ወጣት ነው። ላይማን ኬኩን እንደያዘ በእውነተኛ ባቡር ፊት እንዲሻገር ፈለገ። ባቡሩ በሰዓት አርባ ማይል ይሄዳል፤ ፉጨቱም ይቀረጻል። ላይማን "ስንት ጊዜ ያደረግኩት ነገር" ብሎ እሺ አለ። ያደረገውስ ባቡሩ እንደ ላም ሲያዘግም ነበር።

የቀረጻው ዋዜማ እሑድ ነበር። ምሳ ጋበዙኝ። ላይማን ግቢ ውስጥ ለውሻው ኳስ ሲወረውር ኮራ ሳህን እያነሳች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ገስ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይደርሳል?"

"የቱ ጋ?"

"አትጃጃልብኝ። ባቡሩን ይቀድማል ወይ?" መልስ አልጠበቀችም። "ደረጃ ሲወጣ አይተኸዋል? ሰው የሌለ ሲመስለው ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ይዞ እግሩን በእጁ ያነሳል፤ ልክ እንደ ባልዲ። ሃያ ሁለቱንም እንደዛ ነው የሚወጣው።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪውም?"

"ስነግረው 'ስክሪኑን እይ' ይለኛል። ስክሪኑ ደግሞ ያንተ ነው።"

ለካ ታውቅ ነበር። ብነግረው ከእጁ የምወስድበት ያለውን አንድ ነገር ነው፤ ባልነግረው ባቡሩ ይወስደዋል።

"ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ።"

"ማልልኝ።"

ማልኩላት።

ሰኞ ጠዋት ከብርቱካን እርሻው አጠገብ፣ ሐዲዱ ዳር ላይማን ሣጥን ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል።

"ላይማን፣ የምነግርህ ነገር አለ።"

"ልታገባ ነው? በዚህ ፊትህ?"

"ባቡሩን አትቀድመውም።"

ሁሉንም ነገርኩት፤ ፀጉር ቤቱን፣ አሥራ አራቱን፣ አሥሩን። ጣቶቹ ማሰሪያው ላይ ቆሙ። ለአፍታ ያመነኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳቀ። የሚያስቅ ሳቅ አልነበረም።

"ስማ ገስ። ሞተሩ ስራህን ቀማህ፤ አስራ አራት አመት ስታሽከረክር ኖረህ ዛሬ ቁልፍ ብቻ ትጫናለህ። ይገባኛል፣ ያማል። ግን እግሬን ነቅለህ ክንድህ ላይ አትቀጥልብኝ።"

ይህ ትንሽ እውነት ነበረበት። ሞተሩን እጠላው ነበር።

"በእናትህ፣ አንዴ ብቻ ያለ ባቡር ሩጥና በሰዓቴ ልለካህ።"

"ፈረስ ነኝ እንዴ?" ብሎ ተነሳ። ሲነሳ ጉልበቱን ያዘ፤ ማየቴን አይቶ ለቀቀው። "ሰባት አመት የዋሸኸኝ ከሆነ ዛሬ ለምን ልመንህ?"

ወደ ዴንቢ ሄጄ ባቡሩን እንዲያዘገዩት ለመንኩት።

"በዝግታ ከሄደ በዝግታ ይታያል፤ ሞተር እንደማይዋሽ አንተው ታውቃለህ" አለኝ። "ደሞ ሚስተር ፕሩይት ራሳቸው እችላለሁ ብለዋል። አንተ ከሳቸው በላይ ስለ እግራቸው ታውቃለህ?"

አውቅ ነበር፤ ግን ማን ሊሰማኝ።

የካሜራው ጩኸት ማይክሮፎኑን እንዳይረብሽ እኔና ካሜራው የምንዘጋበት ትልቅ ሣጥን ነበረን። ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ ተደፍኗል፤ ፊቱ መስታወት ነው፤ በሩን ከውጭ ይቀረቅሩታል። ውስጡ ምድጃ ነው፣ ድምፅ አይገባም አይወጣም። ድሮ ላይማን ሲሮጥ እየቆጠርኩ እጮህለት ነበር፤ "አንድ፣ ሁለት፣ አሁን ዙር" እያልኩ። ጆሮው እኔን ይጠብቃል። አሁን የስቱዲዮው ሰው ሁሉ አፉን ይዟል፤ ዴንቢ የያዘው ነጭ መሐረብ ብቻ ነው። ባቡሩ ሐዲዱ ዳር የተተከለውን ነጭ እንጨት ሲያልፍ መሐረቡ ይወርዳል፣ ላይማን ይነሳል። ከእንጨቱ እስከ መሻገሪያው ባቡሩ ሰባት ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ጠዋት ለብቻው ሲመላለስ በሰዓቴ ለክቼዋለሁ። ላይማን ከዚያ በፊት ሐዲዱን አልፎ መገኘት አለበት።

ቀረቀሩብኝ። ቁልፉን ተጫንኩ። ጢሱ በብርቱካኖቹ ላይ ታየ። መሐረቡ ወረደ።

አንድ። ላይማን ተነሳ፤ ኬኩ ቀጥ እንዳለ ነው። ሁለት። ወገቡ ያው የድሮው፣ ፊቱ ያው የድሮው። ሦስት። እግሩ ግን መሬቱን እየለመነ ነበር። አራት ስል ገና ግማሹን አለፍ ብሏል። በአራት እዚያ የደረሰ ሰው ሐዲዱ ላይ የሚወጣው በሰባት ነው፤ ባቡሩም በሰባት ነው የሚደርሰው። እጄ በባዶ አየር ላይ ሲዞር አገኘሁት፤ የሌለ እጀታ ያዘገያል።

ከኪሴ ብረቱን አወጣሁና መስታወቱን መታሁት። አልሰበር አለኝ። ደገምኩት፤ ተሰበረ።

"ላይማን፣ ቁም!"

ጆሮው የለመደውን ድምፅ ሰማ። አእምሮው እሺ ይበል አይበል አላውቅም፤ እግሩ ግን ቆመ። ዞር ብሎ አየኝ። ባቡሩ በፊቱ አለፈ፤ ነፋሱ ኬኩን ከሳህኑ ላይ ወስዶ ደረቱ ላይ ለጠፈው።

ማንም አልሳቀም። ላይማን ክሬሙን ከአገጩ እየጠረገ ወደ ሣጥኑ መጣ። ፊቱ ነጭ ነበር፤ ክሬሙ ይሁን ንዴቱ አልለየሁም።

"መሃል ላይ ቆሜ ጫማዬን አስሬ እንኳ ጊዜ ይተርፈኝ ነበር" አለኝ። "ጫማዬን አስሬ።"

ዴንቢ ነገ እንዳልመጣ ነገረኝ። ላይማን ግን "ይምጣ እንጂ" አለ። "ካሜራው አልቆመም አይደል? ፊልሙ ሲታይ አብሮን ይቀመጥና እግሬን ይይ።"

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰብን። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ በእንጨት ደረጃ ይወጣል። ዴንቢ፣ ጸሐፊዋ፣ ሁለት የድምፅ ሠራተኞችና ከኋላ ፊልሙን የሚያሳየው ሽማግሌው ኤልሮይ ነበሩ። ላይማን ከፊቴ ተቀመጠ። መብራት ጠፋ።

ድምፅ የለም፣ ሥዕሉ ብቻ ነው። አንድ ሰውዬ ኬክ ይዞ ሐዲድ ወዳለበት ይመጣል። አይሮጥም፤ የቸኮለ ሽማግሌ እንደሚሄደው ነው የሚሄደው። ቆመ፣ ዞረ፤ ከሐዲዱ የቀረው አራት እርምጃ ነው። ወዲያው ባቡሩ ስክሪኑን ሞላው። መቁጠር የሚችል ሁሉ ቆጠረ። ጸሐፊዋ አፏን ያዘች። ዴንቢ ሲጋራውን ሳይለኩስ ያዘው።

"ድገመው" አለ ላይማን።

ኤልሮይ ደገመው። ላይማን አልተነቃነቀም፤ አንገቱን ብቻ ነው የማየው።

"ኤልሮይ፣ ያ ማሽንህ መፍጠን ይችላል?"

"አሮጌው ይችላል፣ ጌታዬ።"

"በሱ አድርገውና አፍጥነው።"

ኤልሮይ ፊልሙን ወደ አሮጌው ማሽን አዛወረ። ከዚያ ችኩሉ መጣ። ወገቡ ቀጥ ያለ፣ እግሩ እንደ ስፌት መኪና መርፌ የሚወርድ የሚወጣ፣ ኬኩ የማይነቃነቅ። ቆም፣ ዞር፣ ባቡር፣ ኬኩ ደረቱ ላይ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዴንቢ ሳቀ፣ ጸሐፊዋ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅኩ።

ሳቁ ሳያልቅ ላይማን ተነሳ። በእኔ በኩል ሲያልፍ ቆመና ቀኝ እጄን ያዘ። ሊሰብረው መስሎኝ ነበር። ገልብጦ መዳፌን አየ፤ እጀታው የሠራውን ጠንካራ ቆዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ጥሩ ሯጭ ነበረች" አለና እጄን ጉልበቴ ላይ መልሶ አስቀመጠልኝ።

ወጣ። ደረጃውን ወርዶ እስኪጨርስ የጫማውን ኮቴ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ብዙ ቆየ።