የሸውሸዌው ሥር

ኬሌፒ ከእኔ ጋር ሲመደብ ሚሲዮናዊ ከሆነ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የቶንጋ ዋና ከተማ የኑኩአሎፋ ልጅ፣ ሚስማር ሲመታ እንኳ የሚዘፍን። የእኛ የሞርሞኖች ደንብ ሁለት ሁለት ሆነን እንድንሄድ፣ አንዳችን ከሌላችን ዓይን እንዳንርቅ ያዛል። ዕድሜያችን ምንም ይሁን ምን መጠሪያችን «ሽማግሌ» ነው።

የዚያን ሳምንት የተላክነው ሃአፓይ ከሚባሉት ደሴቶች ወደ አንዲቱ ትንሽ ደሴት ነው። ከስምንት ወር በፊት አውሎ ነፋስ መትቷታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስብከት የለም፣ ሥራ ብቻ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ጀልባዋ መጥታ ትወስደናለች።

ከጀልባ ስንወርድ የተቀበሉን አባባ ፋታይ የሚባሉ የሜቶዲስት ሰባኪ ነበሩ። «ሽማግሌ ኬሌፒ» ብዬ ሳስተዋውቃቸው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ጢም ሳታበቅል ሸመገልክ? ሻይ አትጠጡ፣ ካቫ አትጠጡ፣ በምን አረጃችሁ?»

«በሥራ ነው አባባ። መዶሻ ያቀብሉኝና ይዩ።»

አባባ ፋታይ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደዱት።

የምንሠራው የእህታቸው ልጅ የሎሳሊኔ ቤት ነው። እሷ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል ናት፤ ሃምሳ ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆቿ ኒውዚላንድ የሄዱባት ሴት። የጣሪያዋ ግማሽ ሸራ ነበር። ግራ ዓይኗን በጥቁር ጨርቅ አስራ ደጃፏ ላይ የቅጠል ምንጣፍ ትሠራለች፤ ሰላምታችንን ስትመልስም ጣቶቿ አላቆሙም።

ሰኞ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የያዘችው ቅጠል ከእጇ ወደቀ። በሁለት መዳፏ የታሰረውን ዓይኗን ይዛ እጥፍ አለች። ድምፅ አላወጣችም። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና ቅጠሏን አነሳች።

«ሐኪም አይቶዎታል?» አልኳት ከመሰላሉ ወርጄ።

«ሁለቴ። ዓይንሽ ጤነኛ ነው አሉኝ። እሱንማ አውቃለሁ። የሚታመመው የእኔ ዓይን አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የእናቴ።»

ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም። ቶንጋ ያደገ ሰው ይህን ሳይሰማ አያድግም፤ የዛፍ ሥር የሟች አጥንት ውስጥ ሲገባ ሕመሙ የሚሰማው በሕይወት ያለ ዘመዱን ነው። መቃብሩ ተከፍቶ፣ ሥሩ ተነቅሎ፣ አጥንቱ በዘይት ታሽቶ ካልተመለሰ ሕመሙ አይለቅም። የሎሳሊኔ ችግር ግን ሌላ ነበር። በአውሎ ነፋሱ ቀን ባሕሩ የመቃብር ቦታው ላይ ወጥቶ ድንጋዩንም ምልክቱንም ጠራርጎ ወስዷል።

«አርባ መቃብር ነው» አለችኝ። «የትኛውን ልክፈት? የሰው ሬሳ እየቀሰቀስኩ ልዙር?»

ጣሪያው ላይ ስመለስ ኬሌፒ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መነፅር ብታደርግ ይሻላት ነበር» አለና ሳቀ።

ማክሰኞ የመቃብር ቦታውን ልናጸዳ ሄድን። ባሕሩ ዳር ነው፤ በአንድ ጎኑ ሸውሸዌ ዛፎች ተደርድረዋል፣ አንዱ በነፋሱ ዘሞ አሸዋው ላይ ተጋድሟል፤ አልሞተም ግን። የወደቀ ቅርንጫፍ ስንጎትት፣ አሸዋውን ስናስተካክል ዋልን። ቀትር ላይ የኬሌፒ ዘፈን ቀጥ አለ። ዞር ብዬ ሳየው ግራ ዓይኑን ያሻል።

«አሸዋ ገባብኝ።»

ዓይኑን ገልጬ አየሁለት። ምንም የለም። አምስት እርምጃ ራቅ ሲል ሕመሙ ተወው። መንሹን ሊያነሳ ሲመለስ እንደገና ያዘው። ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኖ ነበር።

ያደረግሁትን እስካሁን ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ፊቱን በፎጣ ሸፍኜ ቀኝ ክንዱን ያዝኩና ቦታው እስኪጠፋበት አዞርኩት። ሦስት ጊዜ አዞርኩት። ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ «እዚህ ነው» አለ። በፎጣው የራሴን ፊት ሸፍኜ እኔም ቆምኩበት። ነፋሱ በሸውሸዌው ቅጠል ውስጥ ሲያፏጭ ሰማሁ እንጂ ምንም አልተሰማኝም።

«ለማንም አትናገር» አልኩት። «የመጣነው ጣሪያ ልንሠራ ነው።» አለቃው እኔ ስለነበርኩ ታዘዘኝ።

ረቡዕ ካሳቫ ስንተክል ዋልን። ማሳው ከሎሳሊኔ ቤትም ከመቃብሩም ሩቅ ነው። ቀትር ላይ ኬሌፒ ቁፋሮውን ትቶ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ እጁ ግራ ዓይኑ ላይ ነው። ሕመሙ አሁን ተከትሎት መጥቷል። ቀና ሲል «ሊሲያቴ፣ እነግራታለሁ። ከፈለግህ ለኃላፊዎቹ ክሰሰኝ» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ነገራት። ሎሳሊኔ አልደነገጠችም።

«ማክሰኞ ከሩቅ አይቻችኋለሁ። ፊትህን ሸፍነው ሲያዞሩህ። አባባ ፋታይ ምን ነክቷቸው ከልጆች ጋር ይጫወታሉ ብዬ ነበር።»

«አባባ አልነበሩም እኮ» አልኳት።

«እንዴት አልነበሩም? አንተ ቀኝ ክንዱን፣ እሳቸው ግራ ክንዱን ይዛችሁ! ረጅም ሰው አይቻለሁ።»

አባባ ፋታይ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምዱ ነው የዋሉት። ኬሌፒ ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ያዘ፤ ሐሙስን ሙሉ አልዘፈነም።

ዓርብ ጠዋት አባባ ፋታይ ጸለዩና ኬሌፒ የቆመበትን ቦታ መቆፈር ጀመርን። ወገባችን ድረስ ስንደርስ አካፋውን አስጣሉን፤ የቀረውን በእጅና በኮኮናት ቅርፊት አወጣን። መጀመሪያ የተገኘው የተበጣጠሰ ምንጣፍ ነበር። ሎሳሊኔ ጎንበስ ብላ አየችውና «የእኔ የእጅ ሥራ ነው» አለች። ከምንጣፉ ሥር የእናቷ አጥንት ነበር። አውራ ጣት የሚያህል ሥር በግራ ዓይኗ ጉድጓድ ገብቶ በጆሮዋ በኩል ወጥቷል።

ኬሌፒ በትንሽ ቢላ ቆረጠው። ሎሳሊኔ የእናቷን ራስ ቅል ጭኗ ላይ አስተኝታ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው በኮኮናት ዘይት አሸቻት፤ በልጥ ጨርቅ ጠቅልለን መለስናት። ይህን ስንጨርስ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። ሁላችንም ሎሳሊኔን እናያለን። ጠበቀች። ጥላችን ወደ ምሥራቅ መዘርጋት ሲጀምር ጨርቁን ከዓይኗ ፈታችና «አልመጣም» አለች። አባባ ፋታይ አለቀሱ። ኬሌፒ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር፤ እሱም የሚያለቅስ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጀልባዋ መጣች። ሎሳሊኔ የተጠበሰ ጎደሬና ዓሣ በቅርጫት ይዛ ልትሸኘን ወጣች። አንድ እግሬን ጀልባዋ ላይ ሳደርግ ኬሌፒ አልተከተለኝም። እጁ ግራ ዓይኑ ላይ ነው።

«ትናንትም መጥቶብኝ ነበር» አለ። «ሥሩን ስቆርጠው እዚያ አላበቃም። ወደ ባሕሩ በኩል ይሄዳል።»

አባባ ፋታይ ወደ ባሕሩ ዞሩ። «በዚያ በኩል ያለው የእኛ ሰው አይደለም» አሉ። «እኔ ወጣት ሳለሁ ባሕር ያወጣው ሰው ነው። ስሙን አናውቅ፣ አገሩን አናውቅ። እዚያ ቀበርነው።»

«ዘመድ የለውም?»

«ቢኖረውስ የት ብለን?»

«ታዲያ እሱ ሲታመም ለማን ይናገር?» አለ ኬሌፒ።

የጀልባው ሰውዬ «ትወጣላችሁ አትወጡም? ማዕበሉ እኔን አይጠብቀኝም!» ብሎ ጮኸ። ደንቡ ጓደኛዬን ጥዬ እንዳልሄድ ያስገድደኛል፤ ልቤም አልሄደም። እግሬን መለስኩ። ጀልባዋ ያለ እኛ ሄደች።

እሑድ በእኛ አገር አካፋ አይነሳም፤ ስለዚህ የቀረን ያ ከሰዓት ብቻ ነበር። ሎሳሊኔም ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ቆፈረች። ሥሩን ተከትለን አገኘነው። ረጅም ሰው ነበር። የሸሚዙ አራት ቁልፎች ደረቱ ላይ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ሥሩ በግራ ዓይኑ ገብቷል። ኬሌፒ ቆረጠውና መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያ ዘይቱን ጠየቀ።

አባባ ፋታይ እጁን ያዙት። «ቆይ። ማሸት የዘመድ ሥራ ነው። ዛሬ ካሸኸው እስክትሞት ዘመዱ ነህ። የሚጎረብጠውን ሁሉ ለአንተ ነው የሚነግርህ። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል አባባ።»

«እናትህስ ምን ትላለች?»

«ቤታችን ሰው ይበዛል፤ አንድ ቢጨመር አታውቅም» አለ። ከማክሰኞ ወዲህ ሲቀልድ የመጀመሪያው ነበር። ዘይቱን ሰጡት።

ጀልባ የተገኘው ማክሰኞ ነው። ኃላፊያችን ተቆጣን፤ በወሩ ለያየን።

ኬሌፒ አገልግሎቱን ጨርሶ አናጢ ሆነ፤ አገባ። ከዚያ ሰውዬ ለአራት ዓመት ምንም አልሰማም። ባለፈው ሚያዝያ፣ ቀትር ላይ፣ ስልኬ ጠራ።

«ሊሲያቴ፣ ቀኝ ጉልበቴን ካመመኝ ሦስት ቀን ሆነኝ» አለኝ። «ጀልባው መቼ ነው የሚነሳው?»

ዓርብ እንደሆነ ነገርኩት። ሎሳሊኔ ዘይት አዘጋጅታ ጠበቀችን።