በብብት በኩል

ማልሱን ልጇን ሄወንን በሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ አረንጓዴ ሻካራ የገላ መፈተጊያ ጨርቅ እጇ ላይ አጥልቃ ጀርባዋን ትፈትግላት ጀመር። በማግስቱ ሄወን ሆስፒታል ትገባለች። አንገቷ ውስጥ ያለውን የታይሮይድ ካንሰር ዶክተር ፒዮ በሮቦት ሊያወጣላት ነው፤ አንገቷን ሳይቀድ፣ በብብቷ በኩል ገብቶ።

"አንገት ለማከም በብብት!" አለች ማልሱን። "በር እያለ በመስኮት እንደሚገባ ሌባ።"

"እማዬ፣ ስንቴ እናውራው? ሮቦቱን የሚያንቀሳቅሰው ሐኪሙ ነው።"

"እጅ እያለው ማሽን ምን ያደርግለታል? የእኔን አንገት በእጃቸው ነው የሠሩት፤ ይኸው አለሁ።"

ሄወን ዞር ብላ አየቻት። በእናቷ አንገት ላይ የተጋደመው ጠባሳ በእንፋሎቱ መሀል ቀልቶ ይታያል። ማልሱን እሱን ለመሸፈን በበጋ ሙቀት እንኳ ሻሽ ሳትጠመጥም ከቤት አትወጣም። ልጅቷ በዚህ እናቷን መምሰል እንደማትፈልግ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አያነሱትም።

"ክንድሽን አንሺ።"

"በቃ እማዬ፣ ጸድቷል።"

"አንሺ አልኩሽ! ሰውዬው የሚገባው በዚህ አይደል? እድፍ አይቶ እናት የላትም እንዴ ይበል?"

አጥብቃ ፈተገች። እድፉ እየተጠቀለለ ረገፈ። ቆዳው ሲቀላ፣ ጸዳ ማለት ነው ብላ ደገመችው።

በማግስቱ ዶክተር ፒዮ የሚቀደውን ቦታ በቀለም ሊያሰምር ወደ አልጋዋ መጣ። ክንዷን አስነሳና ፊቱን አጨማደደ።

"ምንድን ነው ይሄ? ቆዳው ተልጧል እኮ፤ ውሃ ያዣል።"

"ታጥባ ነዋ!" አለች ማልሱን ኮራ ብላ። "ራሴ ነኝ የፈተግኳት።"

ነርሷ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። ዶክተሩ ግን አልሳቀም።

"እናቴ፣ የተላጠ ቆዳ ላይ አልቀድም፤ ጀርም ወደ ውስጥ ይገባል። ብብቷ መዳን አለበት። የሮቦቱ ተራ ደግሞ ተይዟል፤ የሚቀጥለው ክፍት ቀን ከአንድ ወር በኋላ ነው።"

"አንድ ወር! ካንሰሩስ?"

"ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ ይታገሣል። መጠበቅ ካልፈለጋችሁ ግን ነገ አንገቷን ቀድጄ በእጅ እሠራላታለሁ።"

ሄወን እናቷ ላይ አፈጠጠች። "ደስ አለሽ? ይኸው የፈለግሽው ሆነልሽ።"

"ሆን ብዬ ያደረግኩት መሰለሽ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! በቃ ዶክተር፣ አንገቴን ቅደዱትና ልገላገል።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማልሱን ሻሿን ጨመደደች። ስንት ጊዜ የተጨቃጨቀችበት ነገር እጇ ገብቷል፤ የቀራት እሺ ማለት ብቻ ነው። እሷ ግን በሐኪሙ በገነች፣ በሮቦቱ በገነች፣ ከሁሉ በላይ በራሷ እጅ በገነች።

"አይሆንም" አለች። "ትጠብቃለች።"

"አንቺ ምን አገባሽ? አንገቱ የእኔ ነው!"

"ሻሹን የማስረው ግን እኔ ነኝ! በዚያ ሙቀት፣ ላብ አንገቴ ላይ እየወረደ! በእኔ ተናደሽ አንገትሽን አትስጪ። ንዴቱ ይበርድልሻል፤ ጠባሳው ግን የትም አይሄድም።"

ሄወን ከግድግዳው ዞረች። "እጠብቃለሁ" አለች፤ ለእናቷ ሳይሆን ለዶክተሩ። እሱም ቅባት አዘዘላትና ሄደ።

ቤት ሲደርሱም ሄወን እንዳኮረፈች ነበር። ክንዷን አንስታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ማልሱን ቅባቱን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችላት።

"እንዳትፈትጊ!"

"መች ፈተግኩ?"

"አስበሻል። አውቅሻለሁ።"

ማልሱን ጣቷን አነሳች። "ያቃጥልሻል?"

"አዎ ያቃጥላል። አትጠይቂኝ፤ ዝም ብለሽ እፍ በይበት።"

ማልሱን ጎንበስ ብላ እፍ አለችላት።