የነጩ ዛፍ ቅጥራን

መስኮቡ እጄን ሲይዘው ደንግጬ ልነጥቀው ነበር። ባሌ ከሞተና አማቴ እማማ ቀመሪያ ልጄን ፋዲላን «እስኪሻልሽ» ብለው ወደ ወለንጪቲ ከወሰዱብኝ ወዲህ፣ እጄን የነካ ሰው አልነበረም።

ክርኔና መዳፌ ቅርፊት ያወጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። የአዳማ ሰው ደግሞ ሁሉም ሐኪም ነው፤ ገና ከሩቅ አይቶኝ «ቁምጥና» ብሎ ፈረደብኝ። ድሮ ባቡር ሲቆም በመስኮት የተቀቀለ እንቁላል እሸጥ ነበር። ኋላ ከእጄ የሚበላ ጠፋና እንጨት መሸጥ ጀመርኩ። እንጨት አይበላማ!

መስኮቡ ከጣቢያው ጀርባ ብቻውን ይኖራል። ንጉሣቸው ተገድሎ አገራቸው ሩሲያ ስትታመስ የሸሸ የጦር ሐኪም ነው። አማርኛው ያስቃል፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። ያን ቀን እንጨቴን ሳወርድ እጄን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረውና፣

«ይሄ ቁምጥና አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይሄድም» አለኝ።

አለቀስኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ከሳጥኑ ውስጥ ትልቅ ጣሳ አወጣ። ሲከፍተው ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ጢስ ጢስ፣ ቆዳ ቆዳ ይላል። በአገሩ ግንዱ ነጭ የሆነ ዛፍ አለ አለኝ። ልጡ እንደ ወረቀት ይላጣል፤ ሲነኩት ነጩ እጅ ላይ እንደ ዱቄት ይቀራል። ውሃ አያልፈውም። እንጨቱ ውስጥ ውስጡን በስብሶ ሲያልቅ እንኳ ልጡ እንዳለ ይቆማል። ይህንን ልጥ አፉ በተደፈነ ድስት ውስጥ ሲያግሉት ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል። ዘይቱ ማሳከክ ያበርዳል፣ ቁስል እንዳያመረቅዝ ይከላከላል፣ ቅርፊት ያለሰልሳል።

«ግን ጨርሶ አያድንም» አለኝ። «ብትቀባ ይተኛል። ብትተው ይነሣል። ሁልጊዜ ቀባ።»

ስለ ዛፉ ሲያወራ ልቡ ከእኔ ጋር አልነበረም። አንዳንዴ እንጨት ይዤ ስሄድ፣ ምንም ሳያመው ጣሳውን ከፍቶ ሲያሸት አገኘው ነበር። ምን እንደሚፈልግ አልጠየቅሁትም። እኔም የልጄን ቀሚስ አሸት ስለነበር ገብቶኛል።

በብልቃጥ እየሰጠኝ ተቀባሁ። በጋው ሳያልቅ መዳፌ ለሰለሰ፣ ክርኔ ጠራ። ጎረቤቶቼ አሁን ደግሞ ከሽታዬ ይሸሹ ጀመር። ይሽሹ! እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው። የመጨረሻውን ንጹሕ ቀሚሴን ለብሼ ወለንጪቲ ወረድኩ።

እማማ ቀመሪያን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔን አሳየኋቸው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ደባበሱኝ፣ አገላበጡኝ።

«አልሐምዱሊላህ! ቡዜ፣ ልጅሽን ውሰጂ። እናት እያላት እኔ ምን ቤት ነኝ?» አሉኝ።

ፋዲላ ከግመሎቹ በረት ወጣች። አድጋለች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። «ኮቱ! ነይ የኔ ልጅ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እየሮጠች መጣች፤ አጠገቤ ስትደርስ አሸተተችና ቀጥ አለች። ከዚያ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

እኔ ግራ ተጋባሁ፤ እማማ ቀመሪያ ግን ወዲያው ገብቷቸው አንገታቸውን ደፉ። ግመል አርቢ በሆኑት በባሌ ወገኖች ዘንድ ግመል እከክ ሲይዘው ከእንጨት የሚወጣ ጥቁር ቅጥራን ይቀባና፣ ቅጥራኑ እስኪደርቅ ከመንጋው ተለይቶ ለብቻው ይታሰራል። በሽታው ወደ ሌሎቹ እንዳይዛመት፣ ቅጥራን የሸተተ እንዳይነካ፣ የዚያ ቤት ልጅ አፉን ሲፈታ ጀምሮ ይነገረዋል። የነጩ ዛፍ ዘይትም የሚሸተው እንደዚያው ነው።

«እናትሽ እኮ ናት! ሂጂ ሳሚያት!» አሏት።

«የተቀባ አይነካም ይሉኝ የለ?» አለቻቸው።

ንድድ አልኩ፤ ግን በማን? ልጅቷ የተማረችውን ነው ያደረገችው። መስኮቡም እውነቱን ነው የነገረኝ። የሚሰደብ ሰው ማጣትም ያንገበግባል። «ታጥቤ ልምጣ» ልላት ነበር። ከታጠብኩና ከተውኩት ግን ቅርፊቱ ይመለሳል፤ ቅርፊቱ ከተመለሰ ደግሞ አማቴ ልጄን አይሰጡኝም።

ፋዲላ ቤት ገብታ በቅል ወተት ይዛ ወጣች። ከእኔ ራቅ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ተመልሳ ቆመች። ለብቻው ለታሰረ ግመል ውሃ የሚቀርብለት እንዲያ ነው። ፊቷ ላይ መጸየፍ የሚባል አልነበረም፤ አዝናልኝ ነበር። አንጀቴን የቆረጠው ይኼ ነው።

«እማዬ፣ ሲደርቅልሽ እመጣለሁ» አለችኝ። «እስኪደርቅልሽ እጠብቅሻለሁ።»

ጎንበስ ብዬ ቅሉን አነሣሁና ወተቱን ጠጣሁ።

«እሺ» አልኳት። እንደማይደርቅ እንዴት ብዬ ልንገራት?