ሶፋ ሠሪው ትምህርት ቤት ሲመርጥ

የሶፋ ሠሪው ሁለት ወንዶች ልጆች ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱ ጊዜ፣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ባንድ ቀን የትምህርት ሊቅ ሆነበት። ጎረቤቱ ጎማ ለዋጩ ሳይቀር «ልጅን የሚሠራውም የሚያበላሸውም ዘጠነኛ ክፍል ነው» አለው። ጎማ ለዋጩ ራሱ ከስድስተኛ ነው የወጣው።

ልጆቹ በዓመት ከመንፈቅ ይበላለጣሉ። ትልቁ ስድስተኛ ክፍል ሳለ እግሩ ተሰብሮ ዓመቱን አጋምሶ አልጋ ላይ ስላሳለፈ ክፍሉን ደገመ፤ ከዚያ ወዲህ ከታናሹ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማረው። ትንሹ በየዓመቱ አንደኛ ይወጣል። ስለ ትልቁ ሲጠየቅ አባትየው የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፦ «ያልፋል።»

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ስለሚያበቃ ውሳኔ አስፈለገ። ውሳኔውን የሰጠችው ባለቤቱ ናት። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ስለሆነች ነገር አታበዛም፤ ለበሽተኛ እንደምትነግረው አሳጥራና ለይታ ነው የምትናገረው።

«የግል ሁለተኛ ደረጃ ይገባሉ» አለችው። «ክፍያውን ተነጋግረን ጨርሰናል። እኔ ከሥራ መውጣት አልችልም፤ ሄደህ የምታየው አንተ ነህ። ደግሞ ሁለቱም አንድ ቦታ ይግቡ፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።»

የሦስት ትምህርት ቤቶች ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችው። በእያንዳንዱ ስም ሥር ያው አራት ጥያቄ ተደርድሯል፦ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? ቤተ ሙከራው ይሠራል? አስተማሪዎቹ ስንት ዓመት ይቆያሉ? ደካማ ተማሪ ሲገጥማቸው ምን ያደርጋሉ?

«ወንድሜም አብሮህ ይሂድ» አለች መጨረሻ ላይ።

ወንድሟን ሰፈሩ «ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሦስት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከሦስቱም ወጥቷል። ስለዚህ የመግባትን ነገር በተመለከተ አቻ የለውም።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ነው። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሁለት ጥቁር የቆዳ ሶፋዎች አሉ። ሶፋ ሠሪው እንደተቀመጠ እጁ ሳያዘው ወደ ሥር ገባ። ከላይ ቆዳ መሳይ ላስቲክ፣ ከሥር ቺፑድ፣ መሐል ላይ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ የማይቆይ ስፖንጅ። እጁን መልሶ አወጣ፤ ያልተጠየቀ ባለሙያ ምን አገባው።

አንዲት ፈገግታዋ የማይጠፋ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ እየዞረች አስጎበኘቻቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መጻሕፍቱ በመጡበት ላስቲክ እንደታሸጉ ተደርድረዋል። ቤተ ሙከራው ውስጥ አሥራ ሁለት ማይክሮስኮፕ ከነልብሱ ቆሟል።

«ተማሪዎቹ ይሠሩባቸዋል?» አለ ሶፋ ሠሪው።

«ያዩዋቸዋል» አለች።

«ደካማ ተማሪ ሲገጥማችሁስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እኛ ጋ ደካማ ተማሪ የለም፤ ሁሉም በየራሱ ኮከብ ነው» ብላ ግድግዳውን አሳየችው። በእርግጥም ከወረቀት የተቆረጡ ወደ አራት መቶ የሚሆኑ ኮከቦች ተለጥፈዋል። ዩኒቨርሲቲ አንገቱን ቀና አድርጎ አንድ በአንድ አያቸው።

«ጋሼ፣ እዚህማ ዋይፋይ አለ» አለ ሲወጡ።

ሶፋ ሠሪው ከወረቀቱ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ አጠገብ «ያያሉ» ብሎ ጻፈና አጠፈው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት በውጤቱ ስሙ የገነነ ነው። በሩን አልፎ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ትልቅ ሰሌዳ ሲሆን የእያንዳንዱ ክፍል ተማሪዎች ስም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በየወሩ ይለጠፍበታል። የመጨረሻውም ልጅ ስም ከነአባቱ ነው የተጻፈው።

ርዕሰ መምህሩ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ናቸው። የተቀመጡበትን ወንበር ሶፋ ሠሪው ራሱ ነበር ካቻምና ያለበሰው፤ ሰውዬው ግን አላወቁትም። ወንበሩ እንዳልረገበ አይቶ በልቡ ደስ አለው።

«ደካማ ተማሪ ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እናስጠናዋለን።»

«ካልሆነስ?»

«ደግመን እናስጠናዋለን።»

«ያም ካልሆነስ?»

«እንሸኘዋለን።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤቱ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ሶፋ ሠሪው ስለማይዋሹ ወደዳቸው። የቤተ ሙከራው ጠረጴዛ በአሲድ ተበልቷል፤ የኬሚስትሪው አስተማሪ እዚያው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል። ለትንሹ የሚሆነው ይኸው ነው ብሎ ወሰነ። ትልቁ ግን ከገና በፊት ተሸኝቶ ቤት ሲቀመጥ ታየው፤ ሚስቱ ደግሞ አንድ ላይ ብላለች።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት ድሮ የጨርቃ ጨርቅ መጋዘን ነበር። እንግዳ መቀበያ የለውም። ወዲያና ወዲህ ሲሉ አራት ወንበር ደራርባ የተሸከመች ጎልማሳ ሴት አገኙና ርዕሰ መምህሩ የት እንዳሉ ጠየቋት።

«እኔ ነኝ። ከቆማችሁ አይቀር አንዳንድ ያዙልኝ» አለች።

ወንበር ተሸክመው ተከተሏት። ሒሳብ ታስተምራለች፤ ክፍሏ ውስጥ ሃያ አራት ተማሪ አለ። ደረጃ አይሰጥም።

ዩኒቨርሲቲ ይህን ሲሰማ ወንበሩን አስቀመጠ። «አንደኛ የሚወጣውን ታዲያ በምን ታውቁታላችሁ?»

«አናውቀውም።»

«እንዴ! ወላጅ በዓመቱ መጨረሻ ምን ይዞ ይሄዳል?»

«ልጁን» አለች።

ከዚያ ደብተር አወጣችና ወደ አባትየው ዞረች። ልጆቹን ከመፈተኗ በፊት ወላጆችን እንደምትጠይቅ ነገረችውና «ስለ ትልቁ ይንገሩኝ» አለችው።

ሶፋ ሠሪው ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ስለ ትልቁ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። ፊደል ይገድፋል። ዳማ ከተሸነፈ እስኪያሸንፍ ድረስ ተጋጣሚውን አያስነሳም። አንድ ልጅ ሩጫ ስለቀደመው ሁለት ወር ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ ሮጦ በመጨረሻ ቀድሞታል። የስፌት መኪናውን ፈትቶ ገጥሞታል፤ አንድ ብሎን ቢተርፈውም መኪናው እስካሁን ይሠራል። ሴትየዋ ሁሉንም ጻፈች።

«ስለ ትንሹስ?»

«አንደኛ ይወጣል።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ጎበዝ ነው። አያስቸግርም።»

«ምን ያስቀዋል?»

ሶፋ ሠሪው ጣሪያውን አየ። የመጋዘን ጣሪያ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም።

«ሒሳብ!» አለ ዩኒቨርሲቲ፣ አማቹን ሊያድን።

ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ልጆቹን ይዘዋቸው ይምጡ» አለች።

ያን ጊዜ ነው ሶፋ ሠሪው ትምህርት ቤቶቹን ለልጆቹ ማሳየት ማንንም ሰው ትዝ እንዳላለው የገባው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ይዟቸው ወጣ። ሰማያዊውን መስታወት ተዉት፤ ወደ ሁለተኛው ሄዱ።

ትልቁ ልጅ ሰሌዳው ጋ እንደደረሰ ተተከለ። ሰው ሁሉ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ እሱ ከታች ወደ ላይ ነበር የሚያነበው።

«ይኼ ከመጨረሻው ሁለተኛ የሆነው ልጅ ባለፈው ወር ስንተኛ ነበር?» ብሎ ዘበኛውን ጠየቀ።

«የመጨረሻ ነበራ» አለ ዘበኛው። በዚያ በር የተማሪውን ሁሉ ደረጃ በቃሉ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«ከፍ ብሏል ማለት ነው» አለ ትልቁ፣ እንደ ትልቅ ነገር።

አባትየው ትንሹን ሲፈልግ አጠገቡ የለም። ውጭ አንድ ድንጋይ ላይ ሆዱን ይዞ ተቀምጦ አገኘው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«ሆዴን ነው። ይተወኛል።»

«ቁርስ ነው?»

«ቁርስ አይደለም» አለ ልጁ። ጫማውን እያየ ቀጠለ። «ካርድ በሚሰጥበት ቀን ሁልጊዜ ያስመልሰኛል። እማዬ ቁርስ እየመሰላት ሽሮፕ ትሰጠኛለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምስተኛ ክፍል።»

ሶፋ ሠሪው አጠገቡ ተቀመጠ። ድንጋዩ ይቆረቁራል። «አንተ እኮ አንደኛ ነው የምትወጣው። ምን የሚያስፈራ ነገር አለ?»

«ካልወጣሁ ምን እንደምትሉ አላውቅማ።»

«ምን እንላለን? ምንም አንልም።»

«ሞክረን አናውቅም» አለ ልጁ።

ትልቁ ልጅ እየሮጠ መጣ። እዚህ የመግቢያ ፈተናው ከባድ እንደሆነ፣ ከአራት መቶ ተፈታኝ ስድሳ ብቻ እንደሚወስዱ ዘበኛው ነግሮታል። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሽልማት የተቀበለ ሰው ደስታ ነው።

ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ርዕሰ መምህርቷ ሦስት አራት ተማሪዎች ሰብስባ ግቢው ውስጥ ያለውን የውኃ ታንከር ቁመት ሳይወጡበት እንዲለኩ እያከራከረቻቸው ነበር። ትንሹን ጠርታ ሐሳቡን ጠየቀችው። ልጁ ጥላውን ለካ፣ አሰበ፣ መሬቱ ላይ ጻፈ፣ አጠፋ፣ በመጨረሻም ጆሮው ቀልቶ «አላውቅም» አለ።

«እኔም ትናንት ለክቼ ተሳስቻለሁ» አለችው። «ታንከሩ ከኔ ቤት በላይ ረጅም ነው ብሎ ነው የወጣልኝ። ቤቴ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው።»

ትንሹ ሳቀ። ቀጭን፣ መሐሉ ላይ እንደ ማስነጠስ የሚቆራረጥ ሳቅ ነው። አባትየው ወዲያው ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣና የት እንደሚጽፈው ስላላወቀ መልሶ ከተተው።

ትልቁ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሮ መጣ። «ደስ ይላል አባዬ» አለ በአክብሮት። «ግን እዚህ ማንን ነው የምበልጠው?»

ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። እናትየው የሽሮፑን ነገር ሰማች። በሥራዋ ሰው የተሳሳተ መድኃኒት ይዞ ሲወጣ አይታ በር ላይ ሮጣ የምትይዝ ሴት ናት።

«አራት ዓመት» አለች። «በቤቴ።» ሄዳ ትንሹን ጭንቅላቱን ዳሰሰችው፣ ትኩሳት እንደምትለካ፤ እጇን ግን ቶሎ አላነሳችም።

«እንግዲህ ትልቁ ወደ ሰሌዳው፣ ትንሹ ወደ መጋዘኑ» አለ ሶፋ ሠሪው።

ዩኒቨርሲቲ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ገልብጣችሁታል! ጎበዙን ደረጃ የሌለበት፣ ይኼን ደግሞ... ይቅርታ የእህቴ ልጅ... ይኼን ደግሞ እሳት ውስጥ!»

«ደስ ይለኛል አጎቴ» አለ ትልቁ።

«አንድ ላይ እንዲሆኑ ነበር የፈለግሁት» አለች እናትየው። ከዚያ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። «ለሁለት በሽታ አንድ መድኃኒት ነበር የጻፍኩት።» ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ትልቁ እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ስድስት ሳምንት አጠና። ከሶፋው ፍሬም ላይ ሆኖ፣ ከስፖንጅ ክምር ላይ ሆኖ፣ መንገድ ላይ እየሄደ አጠና። ሲደክመው ትንሹ ይጠይቀዋል፤ ሲሳሳት ይሰዳደባሉ፤ ሲታረቁ ይቀጥላሉ። ውጤት የተለጠፈ ቀን ከበር ጀምሮ እየጮኸ ገባ።

«ሃምሳ ዘጠነኛ! ሃምሳ ዘጠነኛ ነኝ! ከኋላዬ አንድ ሰው አለ!»

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ስልክ ደወሉ። በሰፈሩ ትምህርት ቤት መዝገብ አንደኛ የሆነውን ታናሹን እንደጠበቁ፣ እሱ ግን ለፈተና እንኳ እንዳልቀረበ ገለጹ።

«ታናሹ ሌላ ቦታ ገብቷል» አለ ሶፋ ሠሪው።

«ትልቁ እዚህ ይቸገራል፤ ልንገርዎት።»

«ይቸገር። ወዶ ነው። የምትሸኙት ከሆነ ግን አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ።»

«እንደዚህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም» አሉ ርዕሰ መምህሩ፤ ግን እሺ አሉ።

በመጀመሪያው መንፈቅ ትልቁ ከስድሳው ሃምሳ አራተኛ ወጣ። ጨለም ሲል ነው ከማስጠኛ የሚመለሰው፤ ከስቷል፤ ፊዚክስን እንደ ሰው ይሰድበዋል። አንድ ቀን የቀደማቸውን አምስት ልጆች ስም እራት ላይ ዘረዘረ፤ ሁሉንም ወደ ቤት ጋብዟቸዋል። ስለ መሸኘት የደወለ ሰው የለም።

የትንሹ ካርድ የተሰጠ ቀን ማታ ሁሉም ዳቦና ወተት ፊት ተቀምጠዋል። ካርዱ አራት ገጽ ጽሑፍ ነው፤ ቁጥር የለውም። ዩኒቨርሲቲ ገልብጦ አየው፣ ወደ መብራት አንስቶ አየው፣ ከዚያ ለእህቱ መለሰላት። እሷ ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ብዙ ይጠይቃል፤ ሌላው ሲናገር ግን ማዳመጥ አልተማረም። በሒሳብ ለክፍሉ ሁለት ጊዜ አስተምሯል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆ ሰብሮ ራሱ መጥቶ ተናግሯል። በጂኦግራፊ ደካማ ነው።

ሁሉም ወደ ትንሹ ዞሩ። ትልቁ ሳይቀር ማንኪያውን አቆመ።

«እውነት ነው» አለ ትንሹ። «ወንዞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስሉኛል።»

ካርድ የተሰጠበት ቀን ስለሆነ አባትየው የትንሹን ሆድ አየ። ልጁ ከወንድሙ ፊት የነበረውን ዳቦ ስቦ ቆረሰ። ትልቁ ሊያስጥለው ሲል ጭቅጭቅ ተነሳ፤ እናትየውም ካርዱን ወተት እንዳይነካው አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።