የወይፈኑ አባት

ሰፈሩ «ጥድፊያ» ይላታል፤ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ የምታልፍ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ወደ ወተት ማኅበሩ አዳራሽ ስትሄድ ወደ ኋላ ትቀር ነበር። ባሏ ከፊት ከፊት እየተራመደ ከጠዋት ጀምሮ አፉ አላረፈም።

«የማዕከሉ ኮርማ ልጅ ነው እኮ! አንደኛ ካልወጣ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!»

ከወር በፊት የማዳቀያ ማዕከሉ ባለሙያ መጥታ ከማኅበርተኛው ወይፈኖች ሁሉ የጅራት ፀጉር ከነሥሩ አስነቅላ ወስዳ ነበር። ከዚያ ፀጉር ዘረ መሉን አንብበው፣ የትኛው ወይፈን ወተታም ሴት ልጆች እንደሚወልድ ገና ሳያድግ ይለዩታል አሉ። የተመረጠው ማዕከሉ ይገባና ዘሩ ለየላሙ ይዳረሳል። ባሏ ፀጉሩን በገዛ እጁ ነቀለ። ባለሙያዋ «አባቱንም ያሳያል» ስትል የሰማችው ጥድፊያ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ከሁለት ዓመት በፊት የማኅበሩ አዳቃይ ከማዕከሉ በመጣ ዘር ላማቸውን ሁለት ጊዜ አዳቅሏት ሁለቱንም ጊዜ ሳትይዝ ቀረች። ላሟ ለሦስተኛ ጊዜ ኮርማ ስትፈልግ ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ የአዳቃዩ ስልክ ዝግ ነው። ጥድፊያ መጠበቅ አታውቅ! ላሟን ጎትታ የባሏ ታላቅ ወንድም በረት ወሰደቻት። ወንድማማቾቹ በአጥር ተጣልተው ዓይንህን ለአፈር ከተባባሉ ቆይተዋል። ወንድምየው ኮርማውን ፈታላትና «ለእሱ አትንገሪው፤ ላሟን ያርዳታል» አላት። አልነገረችውም። ባሏ ሲመለስ «ሁለተኛው ይዟል» አለችው። ጥጃው ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ሲወለድም «ወንድ ይዘገያል» ብላ አለፈችው።

አዳራሹ ውስጥ ባለሙያዋ ወረቀቷን ገለጠች።

«የእርስዎ ወይፈን» አለች ወደ ባሏ እያየች፣ «ከአርባ ሁለቱ አንደኛ ነው።»

ጭብጨባው ሳይበርድ ቀጠለች። «ግን መዝገቡ ላይ የተጻፈው ኮርማ አባቱ አይደለም።»

ባሏ ቀስ ብሎ ዞሮ በሩ አጠገብ በቆመው አዳቃይ ላይ አፈጠጠ።

«ምንድን ነው የሰጠኸኝ?»

«የጻፍኩትን ነው የሰጠሁት፣ ጋሼ።»

«የእኔስ ጊደር የማን ናት?» ብሎ ሌላው ተነሣ። «ዘሩን ሸጦታል!» አለ ከኋላ አንዱ። ወንበሮች ተንጓጉ፤ አዳቃዩን ከበቡት። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ዛሬውኑ ከሥራ ይታገድ የምትሉ፣ እጅ!»

እጆች ወጡ፤ የባሏ ከሁሉ ቀድሞ። አዳቃዩ ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩን ይልሳል። ጥድፊያ ወደ እሱ አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ወንድምየው እንደሆነ የሆዱን በሆዱ የሚይዝ ሰው ነው።

«እሱ አይደለም!» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «እኔ ነኝ። ሁለተኛውም አልያዘም ነበር። ሦስተኛውን ከወንድምህ ኮርማ አስጠቃኋት።»

«ከማን?» አለ ባሏ።

«ከወንድምህ።»

ባሏ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። የሌሎቹም እጅ አንድ በአንድ ወረደ።

ባለሙያዋ ቀረብ አለቻት። «ኮርማው አለ?»

«አለ። ግን ቅዳሜ ለሥጋ ሊሸጥ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አባቱ ሳይረጋገጥ ማዕከሉ ወይፈኑን አይቀበልም፣ እናቴ። ከኮርማው ፀጉር ያስፈልገኛል።»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ጥድፊያ የተባለችውን ለባሏ ነገረችው፤ እሱ ግን ሐሙስን ሙሉ በሥራው ዋለ። ያቀረበችለትን ይበላል፣ ያልባል፣ ይወጣል። ዓርብ ከሰዓት በረቱ ውስጥ ድንገት ቀና አለ።

«ሌላስ የደበቅሽኝ አለ?»

«የለም።»

«ዐሥር ዓመት አብሬሽ ስኖር ይሄን ያህል ዝምታ ትችያለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

ሁለቱም አልሳቁም። ገመድ አንሥቶ ወጣ፤ እሷም ራቅ ብላ ተከተለችው። ወንድምየው የግቢውን በር ከፈተ።

«ስድስት ዓመት ቆይተህ ለኮርማ መጣህ?»

«ለፀጉሩ» አለ ባሏ።

ወንድምየው ሊስቅ ከጅሎ ተወው። «ግባ። ብቻህን አትችለውም፤ ይወጋል።»

ጥድፊያ በአጥሩ ቀዳዳ አየቻቸው፤ ታላቁ ቀንዱን፣ ታናሹ ጅራቱን ይዘዋል። ኮርማው ሲራገጥ ታላቁ «ቀስ በል እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ታናሹ ፀጉሩን ነቀለ። እሷን ግን ግቢ ያላት የለም።

ቅዳሜ ኮርማው ሳይሸጥ ዋለ። ከሁለት ወር በኋላ አባቱ ተረጋግጦ ወይፈኑ ወደ ማዕከሉ ሊሄድ መኪና ላይ ሲጫን ወንድማማቾቹ ግራና ቀኝ ሆነው ገፉት። አጥሩ አሁንም አለ፤ ሰላምታ ግን ጀምረዋል።

ጥድፊያ ይቅርታ ልትጠይቅ አዳቃዩ ቤት ሄደች። አስቀመጣት፤ እስክትጨርስ አዳመጣት።

«እጃቸውን ካወጡት አንድም ሰው አልመጣም» አላት።

ይቅርታ ይሁን ወቀሳ ሳይገባት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቸኩል ተሰናብታው ወጣች።