ሳይሞላ የሄደው ባቡር

ባቡሩ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴን ጥሏቸው የሄደው ባዶ ስለ ነበር ነው።

«ውስጡ አምስት ሰው እንኳ የለም» አሉ በስልክ። «ይሄማ እስኪሞላ ገና ነው ብዬ፣ እግሬን ላፍታታ ወረድሁ። ጲጲጥ አለና በሩ ተዘጋ! ሞጣ፣ ሞጣ፣ አንድ ሰው የሚል ጠሪ እንኳ የለው!»

ልጃቸው ስርጉት ይህን የምትሰማው ቢቸና፣ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ጓሮ ቆማ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞጣ ላይ ብራና ሲፍቁ የኖሩት አባቷ ከአገር ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ማርቡርግ የምትባል የጀርመን ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሙያቸውን እንዲያሳዩ ጠርቷቸው፣ ዛሬ ጠዋት ፍራንክፈርት ገቡ። ሥራው ነገ ይጀመራል። ፍራንክፈርት የሚማረው የጎረቤት ልጅ ይታገስ ተቀብሎ ትኬት ገዛላቸው፤ የትኬቱን ፎቶ ለስርጉት ላከላትና ከቀዩ ባቡር ውስጥ አስገብቷቸው ወደ ፈተናው ሮጠ። አሁን ስልኩ ዝግ ነው።

«ሻንጣዎስ አባባ?»

«ከእጄ መቼ ወጣ! ብራናው ያለበትን ጥዬ ልወርድ ነው?»

ስርጉት ፎቶውን ከፈተችው። ሁሉም በጀርመንኛ ነው። ትኬቱ ከባቡሩ ጋር ተቃጥሎ እንደሆነስ? አባቷ ግዕዝና አማርኛ እንጂ ሌላ አያውቁም። እዚያ ጣቢያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲውሉ ታዩዋት።

«ስርጉቴ፣ ሌላ መጣ!» አሉ። «ነጭ ነው፣ አፍንጫው የሾለ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ከትኬቱ ጋር አስተያየሁት፤ ማርቡርግ ነው። ልግባ?»

«አይግቡ!» አለች፤ ድምፅዋ እንዲህ ከፍ ይላል ብላ አታስብም ነበር። ነጩ ፈጣኑ እንደሆነ፣ ትኬቱም ዋጋውም ሌላ እንደሆነ፣ በቀዩ ትኬት እሱ ላይ የተገኘ እንደሚቀጣ ይታገስ ጽፎላታል።

«እሺ፣ እንግዲያው ቆሜ ልሸኘው።»

«አባባ፣ የጣቢያው ሠራተኛ አጠገብዎ የለም?»

«አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት አለች።»

«ስልኩን ይስጧት።»

ብላ ሳትጨርስ ጸጸታት። በመምህራን ስብሰባ እጇን አውጥታ አታውቅም። ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ ታስተምራለች እንጂ ከፈረንጅ ጋር አንድም ቀን ተነጋግራ አታውቅም። አባቷ ግን አላመነቱም፤ «እንደምን አደሩ እመቤቴ፣ ልጄ ትፈልግዎታለች» ሲሉ በአማርኛ ተሰማት። ቀጥሎ «ሄሎ?» የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

ስርጉት ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ሰውዬው አባቴ ናቸው፤ ቀዩ ባቡር አመለጣቸው፤ ትኬቱ ከእንግዲህ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ቃላቱ እየተደነቃቀፉም ቢሆን ወጡ። ሴትዮዋ ትኬቱን ተቀብላ ስታገላብጥ የወረቀቱ ድምፅ ተሰማት።

«ይሠራል» አለች በመጨረሻ፣ እሷም እንግሊዝኛውን እየለቀመች። «ይህ የአንድ ባቡር ትኬት አይደለም። ወደ ማርቡርግ በሚሄድ በማንኛውም ቀይ ባቡር ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይሄዱበታል። ፈጣኑ ላይ ብቻ አይሆንም። ቀጣዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አይጨነቁ፣ እኔ አስገባቸዋለሁ።»

ስርጉት ስንት ጊዜ እንዳመሰገነች አታስታውስም። ስልኩን ዘግታ ከግንቡ ጥግ ቁጭ አለች።

ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ እንዴት አስተምራ እንደወጣች እንጃ፤ ከክፍል ስትወጣ ስልኩ ጮኸ።

«ገብቻለሁ፤ እየሄደ ነው» አሉ አባቷ። «ያቺ ሴት ትባረክ፣ ክንዴን ይዛ ነው መስኮቱ ጋ ያስቀመጠችኝ። አገሩ እንዴት ያለ ለምለም ነው፣ ልጄ!»

ወዲያው ሞጣ ደወለች። እናቷ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከጠዋት ጀምሮ ስልካቸውን ከጉያቸው አላወጡም።

«በሰላም ነው እማዬ፤ ባቡር ላይ ናቸው።»

«ተመስገን! ታዲያ አንቺ ምነው ድምፅሽ ደከመ?»

«እንግሊዝኛ ሳወራ ቆይቼ ነው።»

«አንቺ? ለማን?» አሉ እናቷ፣ ሳቃቸው እየቀደማቸው። ስርጉትም መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ሳቅ አመለጣት።