ምክትል እንደሆነ የቀረው ሰው

«ይሄ ወረቀት ነገ አይነበብም» አለች የሟቹ ሚስት፣ መነጽሯን አውልቃ።

የከተማው ፖሊስ አዛዥ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከፊቷ ተቀምጧል። ባሏ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ተጣቧል። ሰው ይገባል፣ «ያጽናሽ» ይላል፣ ከፔርሙሱ ቡና ይቀዳለታል፣ ትንሽ አንገቱን ደፍቶ ይቆይና ስለ ቤት ኪራይ መንሾካሾክ ይጀምራል። ነገ ጠዋት ደግሞ በጣቢያው ግቢ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ለባልደረቦቹ ይነበባል። አዛዡ ይዞት የመጣው እሱን ነው፤ አንድ ገጽ ተኩል፣ እሷ ሳታየው ማህተም ያረፈበት።

«ምኑ ነው ያልተስማማዎት፣ እትዬ?»

«‹ምክትል አዛዥ› የሚለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምክትል! ስድስት ቦታ ላይ ጽፋችሁታል፣ ቆጥሬዋለሁ። አዛዥ ሄዶ አዛዥ እስኪመጣ ከተማውን ይዞ የሚቆየው ማን ነበር? አዛዥ ብላችሁ አንብቡለት። በሕይወቱ የነፈጋችሁትን ሲሞት እንኳ ስጡት።»

«መዝገብ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«መዝገብ ራሱን አይጽፍም፣ ልጄ።»

አዛዡ ይህን ቤት ያውቀዋል፤ ገና የጣቢያው በር ጠባቂ ሳለ የተቀደደ ሸሚዙን የሰፋችለት እሷ ነች። «አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ያስቡበት» ብሎ ወረቀቱን ትቶላት ወጣ።

አራት አዛዦች ሲመጡ አይታለች። የመጀመሪያው ከትራፊክ የመጣ ነበር፤ ስብሰባ ላይ እንኳ እጁን ዘርግቶ ተናጋሪ ያስቆማል ይሉታል። ሦስት ዓመት ሠርቶ ወደ ትልቅ ከተማ አደገ። ሁለተኛው ከወንጀል ምርመራ ነው፣ «ደህና አደሩ» ሲሉት ምስክር የሚፈልግ ዓይነት። እሱም አደገ። ሦስተኛው ከማሠልጠኛ መጥቶ ሦስት ዓመት ሙሉ በፊሽካ አደነቆራቸውና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደ። አራተኛው ይሄ ከበር የተነሳው ነው።

ሁሉንም ተቀብሎ ከተማውን የሚያስረክባቸው ባሏ ነበር። በውኃ ወረፋ የሚደባደበው ሰፈር የትኛው እንደሆነ፣ የትኛውን ሰካራም ከማሰር ሚስቱን መጥራት እንደሚሻል ይነግራቸዋል። ሲሄዱ ደግሞ ቁልፉን ይረከባል። በመሀል ላሉት ወራት በደብዳቤ «ተጠባባቂ» ይባላል፤ ኋላ ላይ ፖሊሶቹ ራሳቸው «ተጠባባቂው» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እሱ ይስቃል፣ እሷ ትበግናለች።

አፍ አላት፣ አትክድም። «ፊደል ያስቆጠርካቸው ሁሉ አለፉህ» ትለዋለች። እሱ ጫማውን እየቦረሸ «ሥራው ያው ነው» ይላል። አንድ ጠዋት፣ የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ፣ «ወኔ ቢኖርህ ኖሮ ሹሙኝ ብለህ ትጠይቅ ነበር» አለችው። ብሩሹ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ መቦረሹን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቷ መጣች። የጣቢያውን ሠራተኞች ፋይል ሠላሳ ዓመት ይዛ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ መቀመጥ ስለማትወድ በቀጥታ ጓዳ ገብታ ስኒ ማጠብ ጀመረች። የሟቹ ሚስት ተከትላት ገባችና ብሶቷን ዘረገፈችው።

«ነፈጉት ነው የምትይው?» አለች የመዝገብ ቤቷ፣ ቧንቧውን ዘግታ። «አልነገረሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ ታውቂያለሽ ብዬ ነው። ሦስት ጊዜ አዛዥ ሆኖ ተሹሟል። ደብዳቤዎቹን በእጄ ነው ፋይሉ ውስጥ ያስገባኋቸው። ሦስቱንም ‹በቤተሰብ ምክንያት አልሄድም› ብሎ ፈርሞ መለሰ። ምክትል የነበረ ሰው እዚያው ከተማ አዛዥ አይሆንም፤ ሌላ ቦታ ይላካል፣ በየሦስት አራት ዓመቱም ይዛወራል። ደንቡ ነው።»

«የምን ቤተሰብ? ያለነው እኔና እሱ...» ብላ ጀመረችና ቃሉን ዋጠችው።

ምክትል በሆነ በዓመቱ የስድስት ዓመት ልጃቸው በትኩሳት ሞታ ከከተማው ዳር ተቀበረች። የዚያን ሳምንት ዘመድ ሁሉ «ቦታ ቀይሩ፣ ከዚህ ውጡ» ሲላቸው፣ እሷ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች «ልጄን ለብቻዋ ጥዬ ከዚህ ከተማ ንቅንቅ አልልም» አለች። የተናገረችው ለእንግዶቹ ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ ልክ ነበር። በዚያ ጊዜ በየሳምንቱ መቃብሩ ጋ ትሄዳለች፤ እንሂድ ቢላት ታብድ ነበር። ግን ዓመታት አለፉ። በየሳምንቱ የነበረው በየወሩ ሆነ፣ ከዚያም በዓመት አንዴ። ሐዘኑ ባይወጣላትም የትም ይዛው መሄድ ትችል ነበር። ለሁለተኛው ምናልባት ታመነታ ይሆናል። ለሦስተኛው ግን ዕቃዋን በአንድ ቀን ትሸክፍ ነበር።

«ቢጠይቀኝ እኮ እሄድ ነበር!» አለች። «ሞኝ! አንድ ቀን አፍ አውጥቶ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ከሞተ በኋላም ተናደደችበት። ወዲያው ስለ ወኔ የተናገረችው ትዝ አላትና የጓዳውን ግድግዳ ተደገፈች። የመዝገብ ቤቷ በእርጥብ እጇ ደግፋ አስቀመጠቻት።

አመሻሽ ላይ አዛዡ ሲመለስ ሳሎኑ ቀለል ብሏል። ወረቀቱን መለሰችለት።

«እንዳለ አንብበው። ምክትል በል። ሦስት ጊዜ ተሹሞ አልሄድም ማለቱን ግን ጨምርበት።»

አዛዡ አቀረቀረ። «ሰሙ?»

«አንተም ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

«ሦስተኛውን ነው የማውቀው። እሳቸው እምቢ ሲሉ ነው የዚያ ከተማ አዛዥነት ለእኔ የደረሰኝ፤ ወደዚህ የተዛወርኩትም ከዚያ ነው። ‹ለእትዬህ እንዳትነግር› አሉኝ።» ብዕሩን አወጣ። «ምክንያቱን ምን ልበል?»

«በሚስቱ ምክንያት በል።» ትንሽ አሰበች። «የለም፣ ተወው። እሱ ያልተናገረውን እኛ አንናገርም።»

አዛዡ ጽፎ ጨረሰና ወረቀቱን አጠፈ። ሊነሳ ሲል፣

«እዚያ ከተማ፣ ለአዛዥ ቤት ይሰጣሉ?» አለችው።

«ይሰጣሉ፣ እትዬ። ትንሽ ቤት ናት፣ ሁለት ክፍል። ከጣቢያው ጀርባ።»

«ውኃ አላት?»

«በፈረቃ ነው። ግን በረንዳ አላት። ወንዙ ይታያል፣ ነፋሱም ጥሩ ነው።»

«በረንዳው ስንት ሰው ያስቀምጣል?»

«ጠባብ ነው። ቢበዛ ሁለት ሰው።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ባዶ ከሆኑት ወንበሮች አንዱን ጎተተችና የራሷን እስኪነካ ድረስ አስጠጋችው። አዛዡ ለእሱ መስሎት ብድግ አለ። እሷ ግን እጇን መቀመጫው ላይ አሳርፋ ወደ በሩ ማየት ስትጀምር፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።